በሩን የያዘው ማን ነው? የዩዝኔት መክሰም ከወረታ ሲታይ

የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ጉግል «ጉግል ግሩፕስ» በተባለው አገልግሎቱ በኩል ዩዝኔት ወደተባለው የቆየ የመወያያ መረብ የሚያስገባውን በር ዘጋ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚህ በር አዲስ መልእክት መጻፍም ሆነ አዲስ የተጻፈውን ማንበብ አይቻልም። የቀረው የቆየውን መፈለግና ማየት ብቻ ነው። ማስታወቂያው የወጣው ታኅሣሥ 5 ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን ወረታ ከተማና በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ካጡ ወራት ተቆጥረው ነበር። ጉግል በሩን በዘጋበት ቀን በፎገራ ኔት ከጠፋ ስድስት ወር አልፎታል።

ሁለቱ መዘጋቶች በምክንያት አይገናኙም። አንዱ የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የንግድ ውሳኔ ነው፤ ሌላው በግጭትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መካከል የመጣ መቋረጥ። የሚገናኙት በአሠራር ነው። በአንዱም በሌላውም፣ ብዙ ሰው የሚነጋገርበት መንገድ እየጠበበ ሄዶ በጥቂት እጅ የሚያዝ በር ሆኗል። የዩዝኔት መክሰም አብዛኛውን ጊዜ «ዘመን አለፈበት» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዩዝኔትን ያደከመው የቴክኒክ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሸክሙን በነጻ ይሸከሙ የነበሩት ተቋማት አንድ በአንድ ትከሻቸውን ማንሳታቸው ነው። እንዴት እንደወጡ ማወቅ ደግሞ ለፎገራም የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ዩዝኔት ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1979 በሰሜን ካሮላይና፣ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ፣ የዩኒክስ ኮምፒውተሮች በተራ የስልክ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ አሰቡ። እዚያው አቅራቢያ በቻፕል ሂል ይማር የነበረው ስቲቭ ቤሎቪን የመጀመሪያውን ፕሮግራም ጻፈ። በ1980 ነገሩ ለሌሎች ይፋ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ማታ፣ የስልክ ታሪፍ ሲረክስ፣ ለጎረቤቱ ኮምፒውተር ይደውላል። ያልደረሰውን መልእክት ይቀበላል፣ ያለውን ይሰጣል፣ ስልኩን ይዘጋል። የተቀበለው ደግሞ በተራው ለሌላው ይደውላል። አንባቢው ሩቅ አገር ካለ ማሽን ጋር መገናኘት አያስፈልገውም፤ የሚያነበው ከራሱ ተቋም ሰርቨር ላይ ነው። መልእክቶቹ በርእስ በርእስ በተከፈሉ ቡድኖች ይደረደራሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በተደረገ ትልቅ የስም ለውጥ የኮምፒውተሩ ነገር በ«ኮምፕ»፣ የሳይንሱ በ«ሳይ»፣ የመዝናኛው በ«ሬክ»፣ የማኅበረሰቡና የባህሉ በ«ሶክ» ሥር ተመደበ። ይህን ሥርዓት ያልወደዱት ደግሞ ማንም እንዳሻው ቡድን የሚከፍትበትን «ኦልት» የሚባለውን ጎራ ፈጠሩ። በ1986 በኢንተርኔት ላይ በቀጥታ የሚሠራበት ስምምነት ስለተዘጋጀ የሌሊቱ ስልክ ቀስ በቀስ ቀረ፤ እየቀዱ የማሳለፉ መርህ ግን አልተለወጠም።

ሁለት ጠባዮቹን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መሀል የለውም። እያንዳንዱ ሰርቨር የሚሸከማቸውን ቡድኖች ሙሉ ቅጂ ስለሚይዝ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የማያቋርጥ መስመር አይፈልግም። በቀን አንዴ የሚገናኝ ማሽንም አባል ነው። ዛሬ በስልካችን የምንጠቀምባቸው መገናኛዎች በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ጠባዮች የሏቸውም።

የወጪው አከፋፈልም ማዕከል አልነበረውም። ፎገራ ላይ ሩዝ በወንፈል ሲታረም እንደሚሆነው፣ እያንዳንዱ ተቋም የሌላውን መልእክት የሚሸከመው የእሱንም ሌላው ስለሚሸከምለት ነበር። ወንፈል የሚጸናው ማሳዎቹ እስከተቀራረቡ ድረስ ነው። የአንዱ ማሳ ሩብ ሄክታር፣ የሌላው ሃያ ሄክታር ሲሆን ማኅበሩ ማንም ሳይጣላ ይፈርሳል። በዩዝኔት ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በዚያ አደባባይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን

ዩዝኔት በደመቀበት ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ የነበረው የኤሌክትሮኒክ መልእክት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው ፓዲስ በተባለው ማዕከል በኩል የሚያልፍ ነበር። የሚሠራበት ፊዶኔት የሚባለው መረብ ልክ እንደ ዩዝኔት በስልክ እየደወለ የተጠራቀመውን ይቀበልና ይሰጥ ነበር። ስለዚህ አጠራቅሞ የማሳለፍ ዘዴ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የአገሪቱ የኢሜይል ጅማሬ እሱ ነው።

በዩዝኔት ላይ የነበሩት በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩና የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ስላለው ለተማሪው በነጻ ይደርሰዋል። በ«ሶክ ካልቸር» ሥር ለአፍሪካ የተከፈተ ቡድን ነበር፤ የኢትዮጵያን ስም የያዘም ነበር። በአገር ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ እጃቸው እስኪገባ ሳምንታት ለሚፈጅባቸው ሰዎች፣ በየቀኑ ከአገራቸው ልጆች ጋር የሚከራከሩበት ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን አማርኛ እዚያ የገባው ያለ ፊደሉ ነው። መረቡ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደል በመሆኑ ግዕዝን የሚያሳልፍበት መንገድ አልነበረውም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በእነዚያ ዓመታት «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነበር። በእሱ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ይላካል፤ ፕሮግራሙ ያለው አንባቢም ወደ ግዕዝ ይመልሰዋል። ብዙው ሰው ግን ሥርዓቱን ሳይጠብቅ እንደመጣለት ይጽፍ ነበር። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ በ3.0 እትም ነው። በዚያን ጊዜ ዩዝኔት ቁልቁለቱን ጀምሯል። ውጤቱ ዛሬ ይታያል። በቀረው መዝገብ ውስጥ «ፎገራ» ብሎ በፊደሉ የሚፈልግ ሰው ከእነዚያ ዓመታት የሚያገኘው የለም፤ ስሙ ቢኖርም በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። እንዲህ ያለ መዝገብ ክፍት ሆኖም ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ እንደተዘጋ ይቆጠራል።

ሸክሙን የተሸከሙት እንዴት ወጡ?

የመጀመሪያው ምት የሕዝብ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ አዲስ ሰው የሚመጣው በመስከረም፣ አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ነበር። ነባሮቹ ለጥቂት ሳምንታት ሥርዓት ያስተምሯቸዋል። በ1994 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ ለደንበኞቹ ሁሉ በሩን ሲከፍት ይህ የማላመድ ልማድ ከአቅም በላይ ሆነ።

ሁለተኛው ምት ማስታወቂያ ነው። ይህን ለኢትዮጵያውያን አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጉዳዩ ዲቪ ነውና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1994 በአሪዞና የሚኖሩ ካንተርና ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት የሕግ ባለሙያዎች፣ የግሪን ካርድ ሎተሪ ቅጽ በክፍያ እንሞላለን የሚል ማስታወቂያ ከአምስት ሺህ በላይ በሆኑ ቡድኖች ላይ በአንድ ጊዜ ለጠፉ። ስለ ሒሳብ የሚወያየውም፣ ስለ ውሻ የሚወያየውም ያንኑ አነበበ። ቁጣው ብዙ ነበር፤ መረቡ ግን የሚያስቀጣበት አካል አልነበረውም። ማዕከል አለመኖር ለነጻነት የሚሰጠውን ለአጭበርባሪም ይሰጣል። በየቡድኑ አወያይ ማስቀመጥ መፍትሔ ሆኖ ተሞከረ። አወያይ ግን ሳይከፈለው በየቀኑ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሲደክመው ወይም ሲሞት ቡድኑ አብሮት ይቆማል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የፋይል ጭነት ነው። ለጽሑፍ የተሠራው መረብ ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ ሶፍትዌር፣ በኋላም ፊልም መጫኛ ሆነ። ፋይሉ ወደ ፊደላት ተቀይሮ፣ ተቆራርጦ ይላካል፤ ተቀባዩ መልሶ ይገጣጥመዋል። አብዛኛው የቅጂ መብት ያለበት ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የሚሸከማቸውን ቡድኖች ሁሉ ስለሚቀዳ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወጪው ከጥቅሙ በብዙ እጥፍ በለጠ። ዛሬ በመረቡ ላይ በየቀኑ የሚጫነው በመቶዎች ቴራባይት የሚለካ ነው። የጽሑፉ ድርሻ ከዚህ ውስጥ እዚህ ግባ አይባልም። ሩብ ሄክታሩና ሃያ ሄክታሩ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው አንድሪው ኩሞ፣ በአንዳንድ ቡድኖች የሕፃናት ወሲባዊ ምስሎች እየተሰራጩ ነው በሚል በኢንተርኔት አቅራቢዎች ላይ ጫና አደረገ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የኩባንያዎቹ መልስ ግን ጥፋቱን ለይቶ ማጥፋት አልነበረም። ታይም ዋርነር ኬብል አገልግሎቱን በሙሉ አቋረጠ፤ ቬራይዘን የ«ኦልት»ን ጎራ ሙሉ በሙሉ ጣለ። ለኩባንያ ስሌቱ ግልጽ ነው። ጥቂት ደንበኛ ለሚጠቀምበት ነገር ጠበቃ ከመቅጠር መዝጋት ይረክሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የመውጫ ሰልፍ ነው። ኤኦኤል እ.ኤ.አ. በ2005 አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2009 ተከተለ። በ2010 ማይክሮሶፍት የራሱን ቡድኖች መዝጋት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሁሉ የተጀመረበት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨሩን አጠፋ። ዱክ ምክንያት ያደረገው የተጠቃሚ ማነስንና ወጪን ነበር።

የቀረው ጉግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ደጃ ኒውስ የዩዝኔትን መልእክቶች እያከማቸ በድረ ገጽ ያስነብብ ነበር፤ ጉግል በ2001 ገዛው። ከዚያ ወዲህ ሰርቨር የሌለው፣ ልዩ ፕሮግራም የማያውቅ ሰው ሁሉ በጉግል በኩል ገባ። ይህ ሲታይ ውለታ ነው፤ ሲታሰብ ግን መሀል የሌለው መረብ መሀል አገኘ ማለት ነው። ጉግል ሲዘጋ የሰጠው ምክንያት፣ የጽሑፉ ውይይት ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ መሄዱንና የቀረው በአብዛኛው ፋይልና ቆሻሻ ማስታወቂያ መሆኑን ነው። ትክክል ነው። ያልተባለው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት መረቡን ካጥለቀለቀው ቆሻሻ ትልቁ ክፍል የመጣው በራሱ በጉግል በር በኩል መሆኑ ነው። አንዳንድ የሰርቨር ባለቤቶች ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ ማገድ ጀምረው ነበር። በሩ ሲዘጋ የቀሩት ተጠቃሚዎች አንድ ደጅ አጡ፣ ግን ጽዱ ግቢ አገኙ።

ከወረታ ሲታይ

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደውና በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩት እዚያ ነው። ደረቅ ወደብም ተሠርቶላታል። በዙሪያዋ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከልና ዳር፣ የአገሪቱ ዋና የሩዝ ምድር አለ። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞክሮ፣ የመጀመሪያዋን መንደር ስም የያዘው ኤክስ ጅግና ዝርያ ሜዳውን አዳረሰው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም የሚገኘው እዚያው ፎገራ ነው። ሩዝ ፈልፋዩ፣ የሽንኩርት ነጋዴው፣ ደላላው፣ የግብርና ባለሙያው ሁሉም የሚኖሩት በመረጃ ነው። የዛሬ ዋጋ ስንት ነው? መኪና መጣ ወይ? ርብ ሞላ ወይ?

ይህን መረጃ ወደ ፎገራ ለማድረስ ያለ ኢንተርኔት የተሞከሩ መንገዶች ነበሩ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በግብርና ሚኒስቴርና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይካሄድ የነበረው አይፒኤምኤስ የተባለ ፕሮጀክት ፎገራን ከአሥሩ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ አድርጎ ነበር። ፕሮጀክቱ በወረዳዎቹ ኮምፒውተርና በሲዲ የተቀዳ የግብርና ዕውቀት የያዙ የዕውቀት ማዕከላት አደራጅቷል። መስመር ሲኖር ከውጭ ይቀዳል፤ ሳይኖርም እዚያው ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን ነጻ የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ደውሎ ምክሩን በድምፅ ይሰማል። ሁለቱም ዘዴዎች ስማርት ስልክ አይጠይቁም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሞባይል ዳታ እነዚህን ሁሉ አሮጌ አስመሰላቸው። ዋጋው፣ ወሬው፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ገባ። ለዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። በአማርኛ ፊደል ይጻፋል፣ በድምፅ ይላካል፣ ፎቶ ይያያዛል። ዩዝኔት ከእነዚህ አንዱንም ለወረታ ሰው ሰጥቶት አያውቅም።

ችግሩ ያለው ከሥር ነው። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ነጋዴ ከወረታ ባሕር ዳር ላለ ደንበኛው የሚልከው የቴሌግራም መልእክት ግን በአገሪቱ መውጫ በር በኩል ወጥቶ፣ ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ደርሶ፣ በዚያው በር ተመልሶ ነው የሚገባው። ወረታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሱቆችም ቢጻጻፉ መንገዱ ያው ነው። በአገር ውስጥ ሰርቨር ላይ የሚቀር ቅጂ የለም። ስለዚህ ዳታው ሲቆረጥ የሚጠፋው ከዓለም ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ግንኙነትም አብሮ ይጠፋል።

መቆረጡም አንድ ጊዜ የደረሰ አደጋ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ቆይቷል። በሰኔ 2011 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ የተፈጸሙትን ግድያዎች ተከትሎ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘጋ። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቱብ ታግደው ወራት ቆዩ፤ ብዙው ሰው በቪፒኤን ተሻገረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን የተዘጋው የሞባይል ዳታው ራሱ ስለነበረ ቪፒኤን አልጠቀመም። በከፊል መመለስ የጀመረው በሐምሌ 2016 ነው። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመስከረም 2015 ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም የኢትዮ ቴሌኮምን ብቸኝነት አብቅቷል፤ ይህ ለዋጋና ለጥራት ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግን የኩባንያዎቹ ሁለት መሆን ለፎገራ ተጠቃሚ ሁለተኛ በር አልሆነለትም።

የአሮጌው አሠራር ዋጋና አደጋ

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ወረታ ላይ የራሱን ቅጂ የሚይዝ፣ በቀን አንዴ ብቻ ከውጭ ጋር የሚገናኝ ሰርቨር ቢኖር በእነዚያ ወራት ምን ይለወጥ ነበር? በቴክኒክ በኩል መልሱ ብዙ ነው። መቋረጡ በዋናነት የነካው የሞባይል ዳታን ነበር። በአንድ መደበኛ መስመር፣ ወይም ከባሕር ዳር በሚመጣ አውቶቡስ ፍላሽ በያዘ ሰው፣ የቀኑ መልእክት ሊገባና ሊወጣ ይችላል። የጽሑፍ መልእክት ክብደት የለውም። በየከተማው ሙዚቃና ፊልም በሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች በትንሹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የጎደላቸው መልስ የሚላክበት መንገድ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ግን ዩዝኔትን በናፍቆት መሸጥ ተገቢ አይደለም። በመሠረቱ እዚያ የተጻፈ ሁሉ ለሁሉም የሚታይ ነው። ምስጢር የለውም። የላኪው አድራሻ ይታያል። የተጻፈ መልእክትን ለመሰረዝ የሚላከውን ትእዛዝ ማንም አስመስሎ ሊልከው ይችል ስለነበር ብዙ ሰርቨሮች አይቀበሉትም። አንድ መስመር ጽሑፍ ከሁለት ወገን በሚያስጠይቅበት የግጭት አካባቢ ይህ ቀልድ አይደለም። የሩዝ ዋጋ ለመጻፍ ይበቃ ይሆናል፤ የሰው ስም ለመጥራት ግን አይበቃም።

ሌላው የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሌላ ሰው ባሰራጨው ይዘት አገልግሎት ሰጪው የሚጠየቅበትን ሁኔታ ደንግጓል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠብቃል። ወረታ ያለ አንድ ኮሌጅ እንዲህ ያለ ሰርቨር ቢያቆም፣ በቀን አንዴ የሚገናኝ ማሽን ይዞ ይህን እንዴት ያሟላል? ከሌላ ቦታ የተቀዳውን ጥፋትስ ማን ይመልስለታል? ኃላፊው እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ኩባንያዎች የደረሱበት ስሌት ላይ ይደርሳል። ይዘጋዋል። የፎገራ እንቅፋት ገመድና ሰርቨር አይደለም የምለው ለዚህ ነው። እንቅፋቱ ለአወያይ የሚከፍልና ሕጋዊ ከለላ ያለው ተቋም አለመኖሩ ነው።

ወደፊት ምን ይጠበቃል?

የዩዝኔትን የራሱን ዕጣ በተመለከተ ዛሬ ነገ የሚሞት አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የዋና ዋናዎቹን ጎራዎች ስም ዝርዝር የሚያስተዳድረው ቦርድ ከብዙ ዓመት እንቅልፍ በኋላ በአዲስ ሰዎች ነቅቷል። ኢተርናል ሴፕቴምበርን የመሰሉ የበጎ ፈቃድ ሰርቨሮች ለተመዘገበ ሁሉ ጽሑፉን በነጻ ይሰጣሉ። የቀሩት ትልልቅ አቅራቢዎች ግን የሚኖሩት ፋይል ከሚያወርድ ደንበኛ በሚሰበስቡት ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ ጽሑፉን የሚሸከሙት እንደ ትርፍ ዕቃ ነው። የቅጂ መብት ክስ ወይም የማከማቻ ወጪ እነሱን ቢጥላቸው፣ ጽሑፉ በጥቂት በጎ ፈቃደኞች እጅ ይቀራል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሊሸከሙት ይችላሉ። በእኔ ግምት ይበልጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጥቂት ሺህ ሰዎች የሚያውቁት፣ የማይከስር፣ የማያድግ ግቢ።

ሐሳቡ በሌላ መልክ እየተመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ማስቶዶንና መሰሎቹ ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ስምምነት የሚነጋገሩባቸው ማኅበራዊ መረቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ሥርዓት ያወጣል፣ ከጥፋተኛ ሰርቨር ጋርም ግንኙነት ያቋርጣል። ዩዝኔት ያጣውን በር ጠባቂ ይህ በከፊል መልሷል። የወጪው ጥያቄ ግን እንደነበረ አለ። ሰርቨሩን በበጎ ፈቃድ የሚይዝ ሰው ሲደክመው ቡድኑ ይበተናል።

ለፎገራ የሚያዋጣው ከሁለቱም ያነሰ ነገር ነው። መልስ የማይጻፍበት፣ የሚነበብ ብቻ የሆነ የአካባቢ ቅጂ ከሕግም ከጸጥታም አደጋ የራቀ ነው። ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ይሠራል። የሩዝ ምርምር ማዕከሉ መመሪያዎች፣ በከተማዋ ያለው የግብርና ኮሌጅ መማሪያዎች፣ የ8028 ድምፆች በወረታ በአንድ ርካሽ ማሽን ላይ ተቀምጠው በቅርብ ዋይፋይ ቢከፈቱ፣ ዳታ ቢቆረጥም አይቆረጡም። በአይፒኤምኤስ ዘመን በሲዲ የተሞከረው ሐሳብ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባለቤት ያስፈልገው ነበር። ውይይቱን፣ የገበያ ዋጋውንና ወሬውን ግን ይህ አይተካም። እሱ በቴሌግራም ላይ ይቀራል፤ የቴሌግራም ዕጣ ደግሞ በመውጫው በር ላይ ነው።

የቀረው የመዝገቡ ጉዳይ ነው፤ የሚያጣድፈውም እሱ ነው። የዩዝኔት የመጀመሪያው አሥር ዓመት የተረፈው በአንድ ሰው ጠባይ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ኮምፒውተር ይጠብቅ የነበረው ሄንሪ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1991 ያለፈውን መልእክት በ141 የማግኔት ቴፕ አኑሮት ባይሆን፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ጽሑፍ ጠፍቶ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ቡድኖች እንዲህ ያለ ጠባቂ አላቸው የሚባል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በላቲን ፊደል የተጻፈው የአማርኛ ክርክር ያለው በጉግል ማኅደርና ኢንተርኔት አርካይቭ ባከማቻቸው ፋይሎች ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎትና ለወረታ ቅርብ የሆነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን ቀድተው ቢያስቀምጡ፣ ከላቲን ወደ ግዕዝ መመለሱም ለቋንቋ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይበቃዋል። ጉግል የቆየው መዝገብ እንደሚታይ ተናግሯል፤ እስከ መቼ እንደሚታይ ግን ቀን አልቆረጠም።